ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት

ሌሊት ስምንት ሰዓት። የከብት ትርኢቱ ሜዳ በመኪና ሞልቷል፤
መስኮቱ ሁሉ ላብ አውጥቷል፣ በየውስጡ ሰው ተኝቷል።
በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነው ሐኪሞች ከሩቅ የሚመጡ፣
ጥርስ በነጻ የሚነቅሉ፣ መነጽር በነጻ የሚሰጡ።
ቁጥር የሚታደል ሲነጋ ነው፤ የቀደመ ይታከማል፣
የዘገየ ጉንጩን ይዞ እስከ ዓመት ድረስ ይከርማል።

እኔና ወንድሜ ኤልዉድ፣ ከቴነሲ ተራራ ወርደን፣
በእሱ አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተን፣
እንደ ልጅነታችን እንከራከራለን።

ጉንጩ አብጧል፤ ግራ ዐይኑ ሊከደን ምንም አልቀረው፤
በጉጠት ራሱ ሊነቅለው ሞክሮ፣ ግማሹን ድድ ውስጥ ሰበረው።
«ቨርና» ይላል፣ «እኔ በልቼ፣ እኔ ጠጥቼ ላበላሸሁት ጥርስ
የማላውቀው ሰው ምን ዕዳ አለበት? ለምን ኪሱ ይዳበስ?
ዐርባ ዓመት እንጨት ሰንጥቄ የሰው እጅ ሳላይ ኖርኩ፤
ሲጋራውንም እኔ አጨስኩ፣ ለስላሳውንም እኔ ጨለጥኩ።
መንግሥት አንዴ አፍሽ ከገባ ጥርስ ብቻ ነቅሎ አይተውም፤
ምላስሽንም ሳይለካ እጁን አይታጠብም።»

እኔ ደግሞ፦
«የመጣንበትን አስፋልት አንተ ነህ ያነጠፍከው?
የእሳት አደጋውን መኪና አንተ ነህ የገዛኸው?
ሱቃችን ከሚሸጠው ሁሉ ርካሹ ስኳር የሆነው፣
የጥርስ ሐኪም ከደጃችን ዘጠና ማይል የራቀው፣
በአንተ ጥፋት ነው?»

«አለመቦረሼ ግን በእኔ ነው» ይላል። ይህን ሲል ዝም እላለሁ፤
እውነቱን ነው፤ ብሩሹን ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ስንት ዓመት አይቻለሁ።

ከጎናችን ባለው መኪና አንዲት ወጣት ሴት ታስላለች፤
ሕፃኗ ሲነቃ መስኮት ከፍታ «ኧረ ቀስ በሉ!» አለች።

ሹክሹክታ ሆነ ክርክራችን።
በሹክሹክታ አነሳነው የእናታችንን ሕመም፣
ለሆስፒታሉ ዕዳ የሸጥነውን የወንዝ ዳር መሬትም።
እሱ «ከፈልን» ይለዋል፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፤
እኔ «ተነጠቅን» እለዋለሁ።
ቃሉ ሁለት ነው፣ መሬቱ ግን ያው አንድ፤
ዛሬ ሌላ ሰው በቆሎ ይዘራበታል፣ ሳያውቅ የእኛን ጉድ።

ሊነጋ ሲል አንድ ሽማግሌ ቁጥር ይዞ በባትሪ ዞረ፤
ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ኤልዉድ እንደ ሎተሪ ደጋግሞ መረመረ።

ላሞች ለሽልማት የሚቆሙበት ጋጣ ተጠርጎ፣ ተቀብቶ ኖራ፣
በየጉረኖው ወንበር ተዘርግቶ፣ መብራት ተንጠልጥሎ ከጣራ፣
ሐኪሟ፣ ልጃችን የምትሆን፣ ጓንቷን አጥብቃ ጎተተች፤
«አራቱም መነቀል አለባቸው፤ ይቅርታ» አለች።
መንግሥት እዚያ አልነበረም፣ የራስ ኪስም አልነበረም፤
ምጽዋት ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሁለታችን ስሙን የጠራ ማንም የለም።

ስንመለስ እኔ ነዳሁ። አፉ በጥጥ ተሞልቷል፤
ከንፈሩ ደንዝዟል፣ በአገጩ ቀጭን የደም ክር ወርዷል።
ዕድል አገኘሁ፤ መልስ የሌለው ተከራካሪ!
ስለ ግብር፣ ስለ መብት ጀመርኩ፣ እንደ ሰባኪ፣ እንደ መስካሪ፤
ግን ሦስት ማይል ሳልሄድ የቃሌ ጣዕም ጠፋ፤
ከውስጥ የማይገፋውን በር ማን ከልቡ ይገፋ?

ስለዚህ የእሱን ወገን እኔው ያዝኩለት፦
«ሲጋራውንስ ማን አጨሰው? ብሩሹስ?» አልኩ በእሱ አንደበት፣
በድምፁ፣ በቁጣው፣ መሪውን እየመታሁ እንደ እሱ።
ሳቅ አመለጠው ከነጥጡ፤ ደም ነካ ልብሱ።

ከዚያ የቁጥሩን ወረቀት አውጥቶ፣ መኪናው እያንገጫገጨው፣ በጀርባው ጻፈ፦
«ጥርሱ የእኔ ነበር።»

ነበር። አልካድኩም።
ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በግድግዳው ማዶ ስሰማው፣
ሌሊት ሌሊት ሲያቃስት፣ ትራሱን ሲነክሰው፣
ማንን ነበር የሚያመው?

መስኮቱ ክፍት ነበር። ወረቀቱ ዳሽቦርዱ ላይ በነፋስ ሲገላበጥ፣
አንዴ ቁጥሩ፣ አንዴ ቃሉ ይታየኝ ነበር፣ መኪናው አቀበቱን ሲያምጥ።